ራዲካሉና ጎረቤቶቹ፦ ጥቂት የውሃ ሞለኪውሎች ምን ያህል ይለውጡታል?

በ2019 አንድ የምርምር ውጤት የኬሚስትሪ ሰዎችን ለሁለት ከፈለ። የአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ንጹህ ውሃ በደቃቁ ሲረጭ፣ ምንም ነገር ሳይጨመርበት ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይፈጠርበታል አሉ። ቁስል ላይ ሲደረግ አረፋ የሚያወጣው ፈሳሽ ማለት ነው። ማብራሪያቸው ያረፈው ደግሞ በፍሪ ራዲካሎች፣ ማለትም ጥንዱን ያጣ ኤሌክትሮን በያዙ ሞለኪውሎችና አቶሞች፣ ላይ ነበር።

እንዲህ ያለ ወሬ ከቤተ ሙከራ ሲወጣ መልኩን ይቀይራል። “ውሃ ራዲካልን ያነቃል” ወይም “ውሃ ሪአክሽን ያፋጥናል” የሚሉ አጫጭር መደምደሚያዎች ይከተላሉ። በሌላ በኩል የመዋቢያና የቫይታሚን ማስታወቂያዎች ራዲካልን የትም ቢሆን ጠባዩ የማይለወጥ ጠላት አድርገው ይስሉታል። ሁለቱም ወገኖች አንድ ጥያቄ ይዘላሉ፤ ራዲካሉን የከበበው ማን ነው?

ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መልስ የሚገኘው ከትንንሽ ክላስተሮች (የጥቂት ሞለኪውሎች ስብስቦች) ጥናት ነው። መልሱ ግን በአንድ ቃል “ያፋጥናል” ወይም “ያዘገያል” የሚባል አይደለም። ጎረቤት ሞለኪውል ራዲካሉን መያዙ አንድ ነገር ነው። ሪአክሽኑን ማፋጠኑ ሌላ ነው። ብዙው ውዥንብር የሚመጣው እነዚህን ሁለቱን ከማምታታት ነው።

ስለ ምን እያወራን ነው?

ኤሌክትሮኖች አብዛኛውን ጊዜ በሞለኪውል ውስጥ የሚቀመጡት ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው። አንዱ ጥንዱን ሲያጣ ሞለኪውሉ ወይም አቶሙ ፍሪ ራዲካል ይባላል። የጎደለውን ለመሙላት ስለሚቸኩል አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜው አጭር ነው። የመጀመሪያውን ኦርጋኒክ (ካርቦን ያለበት) ራዲካል ሞሰስ ጎምበርግ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ በ1900 ሲያስተዋውቅ ብዙዎች ለማመን ተቸግረው ነበር።

እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ደጋግሞ የሚነሳው ሃይድሮክሲል ነው፤ አንድ ኦክስጅንና አንድ ሃይድሮጅን ብቻ ያለው ራዲካል። ባጭሩ ኦኤች እንበለው። በአየር ውስጥ መጠኑ ኢምንት ነው። በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር አየር ውስጥ ወደ 25 ቢሊዮን ቢሊዮን ሞለኪውል ሲኖር፣ ኦኤች አንድ ሚሊዮን ገደማ ብቻ ነው። ዕድሜውም አንድ ሰከንድ አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ነው። ሆኖም ሚቴንን ጨምሮ ብዙ በካይ ጋዞችን ከአየር የሚያጸዳው በዋናነት እሱ ነው።

አሟሚ ማለት ሌላውን በውስጡ የሚያሟማው ነገር ነው፤ ዋነኛው ውሃ። ክላስተር የምንለው ደግሞ ከሁለት እስከ ጥቂት ደርዘን የሚሆኑ ሞለኪውሎች በደካማ ትስስር ተጠጋግተው የሚሠሩት ጥቃቅን ስብስብ ነው። ጋዝም አይደለም፣ ፈሳሽም አይደለም።

ፈሳሹን ትቶ ክላስተር ማጥናት ለምን?

በፈሳሽ ውስጥ ነገሩ ሁሉ ይደበላለቃል። ራዲካሉ በየቅጽበቱ ከብዙ ሞለኪውሎች ጋር ይጋጫል፤ የትኛው ምን እንዳደረገ ለይቶ ማወቅ አይቻልም። በጋዝ ውስጥ ደግሞ ብቻውን ስለሆነ የአሟሚው ሚና አይታይም። ክላስተር መካከል ላይ ነው። አንድ ጎረቤት ጨምሮ ምን እንደተለወጠ ማየት ይቻላል። ከዚያ ሁለተኛ፣ ከዚያ ሦስተኛ።

አሠራሩ ሲሰሙት ቀላል ነው፤ ሲሠሩት ግን ያደክማል። ጋዙ በከፍተኛ ግፊት ከጠባብ ቀዳዳ ወደ ባዶ ክፍል ይለቀቃል። ሲሰፋ በፍጥነት ይቀዘቅዛል። ሙቀቱ ከፍጹም ዜሮ ጥቂት ዲግሪ ብቻ ከፍ ብሎ ይቀራል። ያኔ በክፍል ሙቀት ወዲያው የሚበተኑት ጥንዶች ሳይበተኑ ይቆያሉ። ሌላው መንገድ የሂሊየም ጠብታ ነው። የጠብታው ሙቀት 0.4 ኬልቪን አካባቢ ነው፤ ከዜሮ በታች 273 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ጠብታው በመንገዱ ላይ መጀመሪያ ራዲካሉን፣ ቀጥሎ የውሃውን ሞለኪውል እየለቀመ ይሄዳል። ሁለቱ በውስጡ ይገናኛሉ።

ከዚያ ሌዘር ይተኮስበታል። ብቻውን ያለ ኦኤች የሚርገበገብበት የኢንፍራሬድ ሞገድ ቁጥር በሴንቲሜትር 3,570 ገደማ ነው። ውሃ ሲይዘው ይህ ቁጥር ወደ 100 በሚጠጋ ዝቅ ይላል። በቁጥሩ ዝቅ ማለት ራዲካሉ መያዙን፣ በማን እንደተያዘና በምን በኩል እንደተያዘ ማንበብ ይቻላል።

ጎረቤቱ ምን ምን ያደርጋል?

የመጀመሪያው ሥራው መያዝ ነው። ኦኤች ከአንድ ውሃ ጋር ሲገናኝ ሃይድሮጅኑን ወደ ውሃው ኦክስጅን ያዞራል፤ የሃይድሮጅን ትስስር ይባላል። ጥንካሬው ውሃ ከውሃ ጋር ካለው ትስስር ጋር ይቀራረባል፣ ምናልባት በጥቂቱ ይበልጠዋል። በውሃ ሞለኪውል ውስጥ ኦክስጅንና ሃይድሮጅንን ካጣመረው ዋናው ትስስር ጋር ሲነጻጸር ግን አንድ ሃያኛ ገደማ ብቻ ነው። ይይዛል እንጂ አይቆልፍም።

ሃይድሮፐርኦክሲል የሚባለው ራዲካል ለየት ይላል። ሁለት ኦክስጅንና አንድ ሃይድሮጅን አለው። ከውሃ ጋር ሲገናኝ ቀለበት ይሠራል፤ በአንድ በኩል ሃይድሮጅን ይሰጣል፣ በሌላ በኩል ይቀበላል። በስሌት መሠረት ይህ ትስስር ሁለት ውሃዎችን ከሚያያይዘው ወደ እጥፍ ይጠጋል። የጃፓን ተመራማሪዎች በ2006 ጥንዱን በማይክሮዌቭ ስፔክትረም በቀጥታ ለይተውታል። ይህ ልዩነት ትንሽ ይመስላል፤ ወረድ ብለን እንደምናየው ግን ጨዋታውን የሚወስነው እሱ ነው።

ሁለተኛው ሥራው ትርፍ ኢነርጂ መቀበል ነው። ሁለት ኦኤች በባዶ ቦታ ተገናኝተው ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ቢሠሩ፣ በአንድ ሞል (ኬሚስቶች ሞለኪውል የሚቆጥሩበት መለኪያ) ወደ 210 ኪሎጁል ኢነርጂ ይለቀቃል። ይህ ኢነርጂ መሄጃ ካጣ አዲሱን ሞለኪውል መልሶ ይበትነዋል። በክላስተር ውስጥ ግን መውጫ አለው። አንድን የውሃ ሞለኪውል ከፈሳሽ ለማትነን በሞል 44 ኪሎጁል ገደማ ይጠይቃል። ቀላል ማካፈል ነው፦ ከአራት እስከ አምስት የውሃ ሞለኪውሎች ተንነው ቢሄዱ ትርፉ በሙሉ አብሯቸው ይሄዳል። ክላስተሩ ጥቂት ጎረቤቶቹን ከፍሎ አዲሱን ሞለኪውል ያተርፋል።

ሦስተኛው ከበባ ነው። አሟሚው የተለያዩትን ቁራጮች እንዳይርቁ አፍኖ ይይዛቸውና መልሰው ይገጥማሉ። ሐሳቡን ፍራንክና ራቢኖዊች በ1934 አቅርበውታል። በጣም ግልጽ ሆኖ የታየው ግን ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በኮሎራዶ ቦልደር ባለው የጂላ ተቋም ነው። በዚያ የሊንበርገር ቡድን ጥንድ ያጣ ኤሌክትሮን የተሸከመውን የአዮዲን ጥንድ አየን (ኤሌክትሪክ ቻርጅ ያለው ሞለኪውል) በካርቦን ዳይኦክሳይድ ሞለኪውሎች እየከበበ በሌዘር ሰነጠቀው። ጎረቤት ከሌለ ሁለቱ አዮዲኖች ተበታትነው ይቀራሉ። ጎረቤት ሲጨመር መልሰው የሚገጥሙት እየበዙ ይሄዳሉ። 16 ሲሞሉ የመጀመሪያው ዙሪያ ይዘጋል፤ ከዚያ የሚያመልጥ የለም። በፈሳሽ ኬሚስትሪ ውስጥ “ከበባ” የሚለው ቃል ለአሥርት ዓመታት በግምት ሲነገር ቆይቶ፣ እዚህ ላይ በጣት የሚቆጠር ሆነ።

ውሃ ያፋጥናል ወይስ አያፋጥንም?

ዋናው ክርክር እዚህ ነው። ትንሽ ጠለቅ ብሎ ማየት ያስፈልጋል።

በ2007 “ሳይንስ” መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ኦኤች ከአሴታልዲሃይድ ጋር የሚያደርገው ሪአክሽን የውሃ ሞለኪውል ሲኖር እንደሚፈጥን አሳየ። መለኪያው ከክፍል ሙቀት እጅግ በታች ይወርድ ነበር። ማብራሪያው የሚስብ ነው። አንዷ የውሃ ሞለኪውል በሃይድሮጅን ትስስር ትይዛቸዋለች። ስትይዛቸውም ሪአክሽኑ ሊሻገረው የሚገባውን የኢነርጂ ጉብታ ዝቅ ታደርገዋለች። ራሷ ሳትለወጥ ሪአክሽን የምታፋጥን ከሆነች ካታሊስት ትባላለች። አንዲት ሞለኪውል ካታሊስት ስትሆን መታየቷ ብዙዎችን አስደሰተ።

በ2013 ከእንግሊዙ ሊድስ ዩኒቨርሲቲ ሌላ አስገራሚ ውጤት መጣ። ሪአክሽን ሲቀዘቅዝ ይዘገያል የሚለውን የትምህርት ቤት ሕግ የሚገለብጥ ነበር። ኦኤች ከሜታኖል ጋር በ63 ኬልቪን የሚያደርገው ሪአክሽን በ200 ኬልቪን ከሚያደርገው ወደ መቶ እጥፍ በሚጠጋ ፈጠነ። ምክንያቱ ይኸው መያዝ ነው። በቅዝቃዜ ኦኤችና ሜታኖል እንደ ጥንድ ብዙ ይቆያሉ፤ ለመበተን የሚያበቃ ሙቀት የለም። ያን ጊዜ ሃይድሮጅኑ በኳንተም ሕግ በኢነርጂው ጉብታ ሥር አልፎ ይሄዳል። ተነሊንግ ይሉታል፤ ተራራውን ሳይወጡ በሆዱ ሰንጥቆ እንደማለፍ። ዕድሉ በእያንዳንዱ ሙከራ ትንሽ ነው፤ ጥንዱ አብሮ በቆየ ቁጥር ግን ሙከራው ይበዛል። ከዚህ ሪአክሽን የሚወጣው ሜቶክሲ የተባለ ራዲካል በ2012 በከዋክብት መካከል ባለ ቀዝቃዛ ደመና ውስጥ ተገኝቶ ስለነበር ነገሩ ከቤተ ሙከራ ያለፈ ትርጉም ነበረው።

እስከዚህ ድረስ “ያፋጥናል” የሚለው ወገን ያሸነፈ ይመስላል። በ2017 አንድ ቡድን ቀጠለና ኦኤች ከሜታኖል ጋር የሚያደርገው ሪአክሽን በክፍል ሙቀትም ቢሆን በአየሩ እርጥበት ይፈጥናል ብሎ አሳተመ። እውነት ቢሆን የከባቢ አየር ሞዴሎች በሙሉ መከለስ ነበረባቸው። በ2019 ግን ከታይዋን፣ ከፈረንሳይና ከጃፓን የተውጣጡ ተመራማሪዎች ኦኤችን ራሱን በቀጥታ እየተከታተሉ ለኩት። መልሱን በርዕሳቸው ላይ ጻፉት፤ የውሃ ተን ይህን ሪአክሽን አያፋጥንም። ምንም ለውጥ አላገኙም።

ለምን? ሒሳቡን በምናብ ቁጥር እንሥራው። በክፍል ሙቀት ከአንድ ሺህ ኦኤች አንዱ ብቻ በውሃ ተይዟል እንበል። የተያዘው ከሌሎቹ 10 እጥፍ ፈጥኖ ቢሠራ እንኳ፣ ጠቅላላው ፍጥነት የሚጨምረው አንድ በመቶ ገደማ ነው። በመሣሪያ ስህተት ውስጥ የሚጠፋ ቁጥር ነው። ሦስት ሞለኪውሎች በአንድ ቦታ፣ በትክክለኛ አቅጣጫ፣ በአንድ ቅጽበት መገናኘታቸው ብርቅ ነው። ጉብታው ዝቅ ማለቱ የዚህን ብርቅነት ዋጋ ላይከፍል ይችላል። በኮምፒውተር ስክሪን ላይ ጉብታው ሲወርድ ያየ ሰው ይህን ዋጋ መርሳት ይቀናዋል፤ በዘርፉ ተደጋግሞ የታየ ችግር ነው።

ታዲያ ሃይድሮፐርኦክሲል ጋ ታሪኩ ይገለበጣል። ሁለት ሃይድሮፐርኦክሲሎች ተገናኝተው ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ የሚሠሩበት ሪአክሽን በእርጥበት እንደሚፈጥን ከ1970ዎቹ ጀምሮ ይታወቃል። በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ አንጻራዊ እርጥበቱ 50 በመቶ በሆነ አየር ውስጥ ፍጥነቱ ከደረቅ አየር ወደ ሁለት እጥፍ ይጠጋል። የከባቢ አየር ሞዴሎች ይህን በስሌታቸው ውስጥ አካተውታል። ልዩነቱ ያ ጠንከር ያለ ቀለበት ነው። ትስስሩ ጠንካራ ስለሆነ በክፍል ሙቀትም ቀላል የማይባል የራዲካሉ ድርሻ ከውሃ ጋር ተጣምሮ ይገኛል። ድርሻው ሲበዛ ውጤቱ በመለኪያ ይታያል።

ስለዚህ 2007ንና 2019ን እንደ ተጻራሪ ማንበብ የግድ አይደለም። ራዲካሉ ያው ኦኤች ቢሆንም፣ የሚያጠቃው ሞለኪውል ሌላ፣ ሙቀቱም ሌላ ነው። ስህተቱ የአንዱን መልስ አንስቶ በሌላው ላይ መለጠፍ ነው።

ስሌቱም ያሳስታል

ክርክሩ በሙከራ ብቻ አይደለም። ኦኤች ውሃን የሚይዝበት ሁለተኛ መንገድ በወረቀት ላይ ይቻላል። ሁለቱ ኦክስጅኖች ፊት ለፊት ገጥመው ሦስት ኤሌክትሮን ይጋራሉ፤ ሄሚቦንድ ይባላል፣ ግማሽ ትስስር እንደማለት። በ2000ዎቹ መጀመሪያ በፈሳሽ ውሃ ላይ የተሠሩ ስሌቶች ኦኤች በዚህ መንገድ በብዛት እንደሚያዝ አሳይተው ነበር።

በኋላ ችግሩ ከዘዴው ራሱ መሆኑ ታወቀ። በሰፊው የሚሠራበት ፈጣን የስሌት ዘዴ ኤሌክትሮን ራሱን በራሱ የሚገፋ አድርጎ ይቆጥራል። ይህ ስህተት ኤሌክትሮኑ ተዘርግቶ ሁለት ቦታ እንዲቀመጥ ያበረታታል፤ ሄሚቦንድም ከእውነቱ በላይ ጠንካራ ይመስላል። ዳኛ የሆኑት ትንንሾቹ ክላስተሮች ናቸው። ሁለትና ሦስት ሞለኪውል ላይ እጅግ ትክክለኛውን ስሌት መሥራት ይቻላል፤ በሺህ ሞለኪውል ላይ አይቻልም። በእነሱ ላይ የሃይድሮጅን ትስስሩ ያሸንፋል።

ሄሚቦንድ ውሸት ነው ማለት ግን አይደለም። ሁለት የሃይድሮጅን ሰልፋይድ ሞለኪውሎች አንድ ኤሌክትሮን ሲነጠቁ በዚሁ መንገድ ተያይዘው ይገኛሉ። ሁለት ውሃዎች ኤሌክትሮን ሲነጠቁ ግን ሌላ ይመርጣሉ። አንዱ ፕሮቶኑን ለሌላው ይሰጥና ኦኤች ሆኖ ይቀራል። በፈሳሽ ውሃ ውስጥ ይህ የሚፈጀው ጊዜ በ2020 ተለክቷል፤ 46 ፌምቶ ሰከንድ ገደማ ነው። አንድ ፌምቶ ሰከንድ የሰከንድ አንድ ሚሊዮን ቢሊዮንኛ ነው። ክላስተሩ ላይ ሲታይ ደግሞ ሌላ ዝርዝር ይወጣል። ሞለኪውሎቹ አምስትና ከዚያ በላይ ሲሆኑ ኦኤች ፕሮቶኑን ከተቀበለው ወገን ጎን አይቀመጥም፤ ቢያንስ አንድ ውሃ በመካከላቸው ይገባል። ራዲካሉ ከተወለደበት ቦታ ተገፍቶ መራቅ ይጀምራል ማለት ነው።

ወደ ተረጨው ጠብታ እንመለስ

የስታንፎርዱ ቡድን ጠብታዎች ስፋት ከ1 እስከ 20 ማይክሮሜትር ነበር። የለኩት የፐርኦክሳይድ መጠን 30 ማይክሮሞላር (በፈሳሽ ውስጥ ያለ ነገር ክምችት መለኪያ) ገደማ። በጠብታው ገጽ ላይ ያለው ጠንካራ የኤሌክትሪክ መስክ ከሃይድሮክሳይድ አየን ኤሌክትሮን ይነጥቃል፣ ኦኤች ራዲካል ይወለዳል፣ ሁለት ኦኤች ይጣመራሉ የሚል ነው ሐሳባቸው።

የሳውዲው ካውስት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አልተቀበሉትም። በ2022 ባወጡት ጥናት በአካባቢው አየር ውስጥ ያለው ኦዞን በጠብታው ገጽ በኩል ገብቶ ፐርኦክሳይድ እንደሚፈጥር፣ ኦዞኑ ሲወገድ ግን ፐርኦክሳይዱ በመሣሪያቸው እንደማይታይ አሳዩ። የስታንፎርዱ ወገን መልስ ሰጠ፤ ኦዞን በሌለበትም መጠኑ ከመጀመሪያው እጅግ ቢያንስም ፐርኦክሳይድ አለ አለ። ክርክሩ ከ“በብዛት ይፈጠራል” ወደ “ጥቂት ይኖር ይሆን?” ወርዷል። ይህ ራሱ ብዙ ይናገራል።

የክላስተር ጥናት እዚህ ላይ ይረዳል፣ ግን ገደብ አለው። ስፋቷ አንድ ማይክሮሜትር የሆነች ጠብታ ወደ 17 ቢሊዮን የሚጠጋ የውሃ ሞለኪውል ትይዛለች። ክላስተሩ 20 ይዟል፤ ሁሉም ማለት ይቻላል ገጹ ላይ ናቸው። ስሌቶች እንደሚያሳዩት ኦኤች ከውሃው ውስጥ ይልቅ ገጹን ይወዳል፤ በዚህ ክላስተርና ጠብታ ይመሳሰላሉ። በጠብታው ገጽ ላይ የሚሰበሰበው ኤሌክትሪክ ቻርጅ፣ ቆሻሻው፣ ከአየር የሚገባው ጋዝ ግን በክላስተሩ ውስጥ የሉም። በክላስተር የታየ ነገር የጠብታውን ሁኔታ ሊያስረዳ ይችላል፤ ሊያረጋግጥ አይችልም።

ይህ ሁሉ የት ያደርሳል?

በከባቢ አየር በኩል የሚከተለው ቀጥተኛ ነው። ሞዴል የሚሠሩ ሰዎች ለእያንዳንዱ ራዲካል ለብቻው መወሰን አለባቸው። ለሃይድሮፐርኦክሲል እርጥበቱን ያስገባሉ። ኦኤች ከሜታኖል ጋር ለሚያደርገው ሪአክሽን ደግሞ ደረቁ ቁጥር ይበቃል። “ውሃ ካታሊስት ነው” ብሎ ለሁሉም አንድ ማባዣ መጨመር ሚቴን በአየር ውስጥ የሚቆይበትን ጊዜ ሳይቀር ሊያዛባ ይችላል።

በጨረር ሕክምናም ጉዳዩ ቅርብ ነው። በተለመደው የኤክስሬይና የጋማ ጨረር፣ በሴሉ ዲኤንኤ ላይ ከሚደርሰው ጉዳት ወደ ሁለት ሦስተኛ የሚጠጋው የሚመጣው ጨረሩ ውሃውን መትቶ ከሚወልደው ኦኤች ነው ተብሎ ይገመታል። ይህ ኦኤች በሴል ውስጥ የሚኖረው በናኖ ሰከንድ የሚቆጠር ጊዜ ነው፤ የሚጓዘውም ጥቂት ናኖሜትር። አንድ የውሃ ሞለኪውል 0.28 ናኖሜትር ያህል ስፋት እንዳለው ሲታሰብ፣ ጉዞው በሙሉ ከአንድ ወይም ሁለት ደርዘን የውሃ ንብርብር ብዙም አይበልጥም። የመጀመሪያዎቹ ጎረቤቶች ምን እንደሚያደርጉ በትክክል ካልታወቀ የጉዳት ስሌቱ ከመነሻው ይዛባል።

ስለ አንቲኦክሲዳንት የሚወራውም ከዚህ አያመልጥም። እንደ ቫይታሚን ኢ ያሉት ራዲካልን የሚያበርዱት ሃይድሮጅን በመስጠት ነው። የካናዳው ኪት ኢንጎልድና ባልደረቦቹ እንዳሳዩት፣ አሟሚው ያንን ሃይድሮጅን በትስስር ከያዘው ራዲካሉ ሊወስደው ይቸገራል፤ ሪአክሽኑ ይዘገያል። እዚህ ላይ አሟሚው የያዘው ራዲካሉን አይደለም፤ የሚጠቃውን ሞለኪውል ነው። በአንድ ፈሳሽ የተለካ የአንቲኦክሲዳንት ኃይል በሌላ ፈሳሽ፣ ይልቁንም በሰውነት ውስጥ፣ ያው ይሆናል ብሎ ማሻሻጥ ከኬሚስትሪው ጋር አይሄድም። ቁጥሩ በማሸጊያው ላይ ሲጻፍ በየትኛው አሟሚ እንደተለካ አብሮ የሚጻፍበት ጊዜ እምብዛም ነው።